አሥራ ሁለተኛው መስኮት

ወሬውን በሰማች ጊዜ አምስት እስፒል በከንፈሮቿ መሃል ይዛ ነበር።

ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው እቤቷ፣ በመስታወት በተዘጋች ጠባብ በረንዳ ላይ ነው። ያን ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም አንዲት ረጅም ደንበኛ በርጩማ ላይ አቁማ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ዙሪያውን ትሰካለች። በሩ ተንኳኳና የባሏ የሥራ ባልደረባ ገባ። ይህን ሰው ሁሉም «ወፍራሙ» ነው የሚለው፤ ከዓመታት በፊት ታሞ አጥንቱ ቢቀርም ስሙ አብሮት አልከሳም። ወፍራሙ ሲመጣ ገና ከደረጃው ጀምሮ እየጮኸ፣ እየቀለደ ነው። ያን ቀን ግን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ።

«እትዬ» አለ።

እስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች እጇ ላይ ባሰረቻት ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። አምስቱንም እስክትጨርስ ምንም አልጠየቀችም። በኋላ ስታስበው ያቺን ታህል ጊዜ ከሞት ላይ የሰረቀች ይመስላታል።

«የት?» አለች በመጨረሻ።

«ጣሪያው ላይ፣ የሊፍቱ ሞተር ክፍል ውስጥ። ውሃ ላመጣለት ወርጄ ስመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የተኛ መስሎኝ፣ ‹ጋሼ፣ ፍራሽ ላምጣልህ?› አልኩት።» ቆቡን ጨመደደው። «ቀለድኩበት እኮ፣ እትዬ።»

ደንበኛዋ ከበርጩማው መውረዱ ጨንቋት፣ የቀሚሱ ጫፍ ግማሹ ተሰክቶ ግማሹ እንደተንጠለጠለ፣ እላይ ቆማ ላላየችው ሰው ታለቅስ ነበር።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ እሱ ራሱ የሚኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ ደረጃውን ሲወጣ በየመታጠፊያው እየቆመ ያርፋል፤ ጎረቤትም «ዛሬም ተበላሸ?» እያለ ያሾፍበታል።

የሊፍት ጉድጓድ ሥር ምን እንደሚወድቅ ጠጋኝ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቁልፍ አለ፣ ጉትቻ አለ፤ አንድ ጊዜ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቷል። ከሁሉ ግን ሊፈርስ በተቃረበ አሮጌ ሆቴል ውስጥ፣ በሩ የብረት ፍርግርግ በሆነ ሊፍት ሥር ያገኘው ይበልጣል። ከአቧራና ከግራሶ ውስጥ አንድ ክንድ የማይሞላ የቆርቆሮ ፉርጎ አወጣ። የልጅ መጫወቻ ነው፤ የመንገደኞች ፉርጎ፣ ሰማያዊ፣ አሥራ ሁለት መስኮት ያለው፣ ስድስት በዚህ ስድስት በዚያ። እንደ ልማዱ ለዘበኛው አስረከበ። ከስድስት ወር በኋላ ዘበኛው፣ «የዚህ ባለቤት ይሄኔ ጢሙ ሸብቷል። ውሰደውና ገላግለኝ» አለው።

ፉርጎ ካለ ጎታች ያስፈልጋል። ጎታች ካለ ሐዲድ፣ ሐዲድ ካለ ትራንስፎርመር። ከየአሮጌ ዕቃ ተራው፣ ከየሟች ቤት፣ ከየምድር ቤቱ እየለቀመ በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ባቡርና አሥራ ዘጠኝ ፉርጎ አጠራቀመ። ሁሉም በዕድሜ ይበልጡታል፤ ሁሉም የመንገደኛ ናቸው። ወፍራሙ አንድ ቀን «የዕቃ ፉርጎስ ለምን አትይዝም?» ቢለው፣ «ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ውዬ እቤቴ ገብቼ ሲሚንቶ ላመላልስ?» አለው።

ሐዲዱ በደረት ከፍታ፣ በጣውላ ላይ ሳሎኑን ይዞራል፤ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ በኩሽናው በር በኩል ይመለሳል። በሩ ላይ ድልድይ ነበር። ድልድዩ በማጠፊያ ወደ ላይ የሚነሳ ነው፤ ነገር ግን ማንም አያነሳውም፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያልፋል። «ጭንቅላት!» ብሎ መጮህ የዚያ ቤት ሰላምታ ሆነ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ሐዲዱን በደረቅ ጨርቅ ወልውሎ ባቡሩን ያስነሳል። ሚስቱ ልብስ እየሰፋች በግድግዳው ቀዳዳ ሲያልፍ ትሰማዋለች። የቆርቆሮው ኳኳታና የስፌት መኪናዋ ድምፅ አንዳንዴ ይገጥማሉ፤ ያኔ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ፈገግ ትላለች።

ከሁሉ የሚወደው ያንኑ ከጉድጓድ ያወጣውን ሰማያዊውን ፉርጎ ነበር። ውስጡ ትንሽ አምፖል አለ። ከመስኮቶቹ ኋላ ደግሞ ቅባት የጠጣ ስስ ወረቀት ተለጥፏል፤ በወረቀቱ ላይ የመንገደኞች ጭንቅላት ከጎኑ፣ በጥቁር ጥላ ታትሟል። ባርኔጣ ያደረገ አለ፣ ጋዜጣ የያዘ አለ። መጋረጃ ዘግቶ አምፖሉን ሲያበራ፣ አሥራ ሁለት ሰው በሳሎኑ ዙሪያ ይጓዛል።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የላቦራቶሪ ትምህርቷን መቀጠል አቅቷት እቤት ተመልሳ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ግን ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ ዕቃ እንዳትነካ እንደምትጠነቀቅ እንግዳ ነበረች። አባቷ ለሥራ አንድ ሳምንት ወጣ ባለ ጊዜ፣ ሲመለስ ደስ እንዲለው ብላ ፉርጎዎቹን ልታጸዳ አሰበች። ከሰማያዊው ጀመረች። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በብሩሽ አሸችው፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሰማያዊው ቀለም ከሳሙናው ጋር ሄደ። ሥሩ ያለው ቆርቆሮ በሦስት ቀን ዛገ። የመንገደኞቹ ወረቀት ገንፎ ሆኖ በመስኮቱ ወጣ።

ተመልሶ ሲያየው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ እንዲህ ትላለች። ፉርጎውን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየና፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ያረፈበት ነገር ሁሉ አያምርም» አለ።

ስለ ፉርጎው ብቻ የተናገረ መስሎት ነበር። ልጅቱ ግን የሰማችው ስለ ሕይወቷ በሙሉ ነው። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ሩቅ ከተማ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘች። ሰባት ዓመት አልተመለሰችም።

እናቷ በየእሁዱ ጠዋት ትደውልላታለች። እሱ ስልኩ ሲነሳ መታጠቢያ ቤት ይገባና ቧንቧ ይከፍታል። ሲወጣ፣ «ጉንፋኑ ለቀቃት?» ብሎ ይጠይቃል። ውሃው እየፈሰሰ ጉንፋኑን እንዴት እንደሰማ ሚስቱ ጠይቃው አታውቅም።

«አናግራት» ትለዋለች።

«ፉርጎው ይለቅ። ሲያልቅ እኔው እደውላለሁ።»

ፉርጎው በእሱ ፈንታ የሚያናግርለት ይመስል፣ ልቡን ሁሉ በእሱ ላይ ጣለ። ዝገቱን ለማንሳት አንድ ክረምት ፈጀ። ሰማያዊውን ለማግኘት ከመስኮት ጥግ የተረፈች የጥፍር ታህል ቀለም በብልቃጥ ይዞ ስንት ቀለም ሻጭ አዳረሰ። ከዚያ ወረቀቱ ቀረ። የታተመው ዓይነት ከየትም አልተገኘም። እሱም፣ «ሰው ጠፍቶ ነው እንዴ?» አለና በራሱ መንገድ ጀመረ።

ቤቱ የመጣውን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ፣ ግድግዳው አጠገብ ወንበር ላይ በጎኑ ያስቀምጠዋል። መብራት ያበራበትና ግድግዳው ላይ በለጠፈው ትልቅ ወረቀት ጥላውን በእርሳስ ይከተላል። በኋላ ወረቀቱን በካሬ በካሬ ከፍሎ፣ በትንንሽ ካሬዎች ላይ እየገለበጠ፣ ጥላው የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል ያሳንሰዋል። መቁረጡ የሚስቱ ሥራ ነው፤ ክር በምትቆርጥበት ትንሽ መቀስ።

ከታች ያለው ዳቦ ጋጋሪ ተራው ደርሶ ሲቀመጥ፣ «አፍንጫዬን ቀንስልኝ» ብሎ ለመነው።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ስታወራ ይረዝማል።»

«እዚህ ቤት ሰው ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ፊቱን ይተዋል!»

«ለዚህ አፍንጫ ለብቻው ቲኬት ነው የምቆርጠው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ መስኮቶቹ ሞሉ። ዳቦ ጋጋሪው ገባ፣ ወፍራሙ ገባ፣ ሚስቱ ገባች። የእሱን ጥላ የሳለችው እሷ ናት። ጨርቅ ላይ የማይንቀጠቀጥ እጇ እዚያ ተንቀጠቀጠና አገጩን መጋዝ አስመሰለችው፤ «ተወው፣ ሳልላጭ የተነሳሁት ነው» አለና እንዳለ አስቆረጠው። አሥራ አንድ ሆኑ። አሥራ ሁለተኛው መስኮት የልጅቱ ነበር።

የልጅቱ ፎቶ ሞልቷል፤ ከጎን የተነሳችው ግን አንድም የለም። ከልቡ እያወጣ ይስላት ጀመር። ችግሩ፣ ጥላው ልክ መምጣት አለመምጣቱ የሚታወቀው ጣሪያው ተዘግቶ፣ አምፖሉ በርቶ፣ ፉርጎው ሲሄድ ብቻ ነው። ጣሪያውን የሚይዙት ስምንት የቆርቆሮ ጥፍሮች ናቸው፤ በቀዳዳ ወጥተው ከሥር ይታጠፋሉ። የድሮ ቆርቆሮ ደግሞ መታጠፍና መቃናት አይወድም፤ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በኋላ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። መበየድም አይቻልም፤ ሙቀቱ አዲሱን ቀለም ያነደዋል።

መጀመሪያ የሳላት ስትዞር አይቶ፣ «ይቺ የወፍራሙ እህት ናት» አለ። ከፈተው፤ አንድ ጥፍር ሄደ። በሁለተኛው ግንባሯ በዛ። በሦስተኛው አሮጊት ሆነች። እንዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት ጥፍሮች ተሰበሩ። ሁለት ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሊዘጋው ፈራ። ጣሪያው እንዲሁ ተደፍቶበት፣ ሁለቱ ጥፍሮች ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ፉርጎው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ሰውዬ፣ ልጅህ በሕይወት አለች» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን። «ጥራት፤ መጥታ ትቀመጥልህ።»

«ምን ብዬ? ጥላሽን ፈልጌ ነው ልበላት?»

«እንደ እሱ በላት፤ ትስቃለች።»

እሱ ጨርቅ አንስቶ ሐዲዱን ይወለውል ጀመር። በዚያው ሳምንት ግን፣ ሐሙስ ዕለት እራት ላይ፣ ዐይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ «እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ስጪኝ» አላት። «ቀድመሽ እንዳትነግሪያት ግን።»

እሁድ ጠዋት ተላጨ። ለክብር ቀን የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ።

«ስልክ ሰው አያሳይም እኮ» አለችው።

«አውቃለሁ። ደውዪ።»

ደወለች። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። እሱ አጠገቧ ቆሞ እጁን ለመቀበል እንደዘረጋ ነበር። ሁለተኛ ደወለች። አሁንም ማንም አላነሳም። እጁን መለሰ።

«ሥራ አድራ ይሆናል። ተያት፣ ትተኛ» አለ። «የሚቀጥለው እሁድ ሩቅ አይደለም።»

ሸሚዙን አውልቆ፣ እንዳይጨማደድ መስቀያ ላይ ሰቅሎ፣ በቁም ሣጥኑ በር ላይ አንጠለጠለው። ሰኞ ልጅቱ መልሳ ስትደውል እሱ ሥራ ላይ ነበር። እናቲቱ ቃል ስለገባች ምንም አልተነፈሰችም። ረቡዕ ወፍራሙ ቆቡን ይዞ መጣ። ለሬሳው ልብስ ሲጠየቅ፣ በቁም ሣጥኑ በር ላይ የተሰቀለውን ሸሚዝ አውርዳ ሰጠች።

ልጅቱ ለቀብሩ ደረሰች። እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ሰው አስተናገደች፤ ወንበር አመላለሰች። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቱ ከኩሽና ስትወጣ ከድልድዩ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች። ሰባት ዓመት ቆይታ ወገቧ አልረሳውም። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዐይኗ አረፈና ቆመች።

«እማዬ፣ ያ ነው?»

«ያው ነው።»

ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣመረች። «እኔ አልነካውም።»

«ማን ንኪው አለሽ? እይው።»

እናቷ መጋረጃውን ዘጋች፤ ሁለት ሽቦ አገናኝታ አምፖሉን አበራች፤ ጣሪያውን በጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። ልጅቱ እጇን ከኋላዋ ሳታላቅቅ ጎንበስ ብላ በመስኮቶቹ አየች።

«ይሄ ዳቦ ጋጋሪው አይደል? በአፍንጫው አወቅኩት።» ሳቀች። «ይቺ አንቺ ነሽ። ይሄ...»

«እኔ ነኝ የሳልኩት። አገጩን አበላሸሁት።»

«አልተበላሸም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይላጭ እንዲህ ነበር።» ወደ መጨረሻው መስኮት ዞረች። «ይሄኛውስ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ያንቺ ነው። ከጎን የተነሳሽው ፎቶ የለም። ከልቡ እያወጣ ሞከረ፤ አልመጣለትም።»

ልጅቱ ባዶውን መስኮት ብዙ ጊዜ አየችው። ብርሃኑ ሳይከለል በቀጥታ ይወጣበታል።

«ይቅር ብሎኝ ነበር?»

እናቲቱ «አዎ» ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ያልተባለን ቃል በሟች አፍ ማስቀመጥ ከበዳት። «አፉን ከፍቶ እንዲህ አላለም» አለች። «እሁድ ሊያናግርሽ ነበር። ስልኩን ስጪኝ ብሎኝ ነበር።»

«ነገ?» አለች ልጅቱ። «እሁድ እኮ ነገ ነው። አራት ቀን ብቻ ቀርቶት?»

እናቲቱ አላረመቻትም። ጣቷ ጣሪያው ላይ ነበር፤ ቆርቆሮው በአምፖሉ ሙቀት እየጋለ ነው።

«ባለፈው እሁድ የደወልሽ ጊዜ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፣ «አይቼዋለሁ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ድካም ስላለብኝ ነገ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ሁለቴ ነው የጮኸው። አንቺ ደግሞ ሁለቴ አትደውዪም። ምን ነበር?»

መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ፊቷን የሚያበራው ያ መስኮት ብቻ ነበር። ከጎን። አፍንጫዋ የአባቷ፣ አገጯ የእናቷ። እሱ አራት ዓመት የፈለገው ይኸው ቆሟል።

«ጣቴ ስቶ ነው» አለች እናት። «ደንበኛ ጋ ልደውል ብዬ እዚያው ደገምኩት።»

«ፈርቼ ነበር።»

«ምንም አልነበረም። ሰላም ልልሽ ብዬ ነው።»

ልጅቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ማመኗን ይሁን ማመን መፈለጓን እናቷ አላወቀችም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቱ ማንም ሳይነግራት ወንበሩን ወደ ግድግዳው ስባ በጎኗ ተቀመጠች። እናቷ ወረቀት ለጠፈች፤ መብራቱን አስተካከለች፤ ጥላዋን ከግንባሯ ጀምራ እስከ አንገቷ በእርሳስ ተከተለች። እጇ በዚህ ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

ልጅቱ ማክሰኞ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የረጅሟ ደንበኛ ቀሚስ በሳምንቱ አለቀ፤ ሴትዮዋ መጥታ ለብሳ ጫፉን በመስታወት አይታ፣ አንዴም ወደ በርጩማው ሳትመለከት ሄደች። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ባቡሩ አይነሳም። የስፌት መኪናዋ ብቻዋን ትሠራለች። ድልድዩን ማንሳት ይቻላል፤ እሷ ግን አሁንም ጎንበስ ብላ ታልፋለች። እሁድ ጠዋት ትደውላለች። ልጅቱ አሁን ገና አንዴ ሲጮህ ታነሳለች።

የልጅቱ ጥላ፣ እንደተሳለ በሙሉ መጠኑ፣ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ተጠቅልሎ ቆሟል። በካሬ አልተከፈለም፣ አላነሰም፣ አልተቆረጠም። የፉርጎው ሁለት ጥፍሮች አልታጠፉም። አባቷ ያን እሁድ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ ከስልኩ አጠገብ ቆሞ እንደነበር እናቷ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም።